ፓኬቷን ወዴት እንደምትሄድ ማን ይጠይቃታል?

አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ጊጋባይት ዳታ ስንት ነው? «እንደ ፓኬጁ ነዋ» ካላችሁ ትክክል ናችሁ። የቀን አለ፣ የሳምንት አለ፣ የሌሊት አለ። ከዚያ ደግሞ «ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ» የሚባል አለ። የሌሊቱ ለምን እንደሚረክስ አንድ የቴሌኮም መሐንዲስ በአጭሩ ያስረዳችኋል፦ ሌሊት አብዛኛው ሰው ተኝቷል፣ ማማው ሥራ ፈትቷል፣ ሥራ ፈትቶ የቆመ ማማ ላይ አንድ ሰው ቢጨመር ወጪው ኢምንት ነው። «ለዚህ መተግበሪያ ብቻ» የሚለው ለምን እንደሚረክስ ግን ጠይቁት። ዝም ይላል፣ ወይም ወደ ሽያጭ ክፍል ይመራችኋል። ለማማው የቲክቶክ ባይትም የዩኒቨርሲቲያችሁ ቤተ መጻሕፍት ባይትም ያው ባይት ነው። የሚይዙት ቦታ እኩል፣ የሚፈጁት መብራት እኩል።

እኔ ዛሬ የምተቸው ይህንን ነው፦ በኢንተርኔት የሚያልፈውን ነገር በመጠኑ ሳይሆን በማንነቱ መዳኘትን። የዚህ ተቃራኒ «የኢንተርኔት ገለልተኝነት» ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው ቲም ዉ የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ምሁር ነው፤ ሐሳቡ ግን ከምህንድስናው ጋር አብሮ ያደገ ነው። የኢንተርኔት ነዳፊዎች ገና ከጥዋቱ የተከተሉት መርህ «ብልጠቱ ዳርና ዳር ባሉት ኮምፒውተሮች ይሁን፣ መሃል ያለው መንገድ ቂል ይሁን» የሚል ነበር። መንገዱ ቂል በመሆኑ ነው ማንም ተማሪ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ አዲስ ነገር ሠርቶ መንገዱ ላይ ሊያወጣ የቻለው።

እስቲ መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ።

የምትልኩት ፎቶ በሙሉ ገላው አይሄድም፤ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። እያንዳንዷ ቁራጭ ፓኬት ትባላለች (ከምትገዙት «ፓኬጅ» ጋር እንዳትምታታባችሁ)፤ መጠኗም አብዛኛውን ጊዜ ከ1500 ባይት አይበልጥም። 2 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ እንግዲህ ወደ 1400 ገደማ ፓኬት ሆኖ ነው የሚጓዘው። እያንዳንዷ ፓኬት ግንባሯ ላይ ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ተጽፎባታል። በመንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች ያንን አድራሻ አንብበው ወደሚቀጥለው ያሳልፏታል። ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ሥራቸው አይደለም።

አሁን ኬላ አስቡ። ድሮ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው በግመል ጭነው ወደ መቀሌ ይወጡ የነበሩት ነጋዴዎች በኬላ ቀረጥ ይከፍሉ ነበር። ቀረጡ ቢመርም ልኩ በጭነት እስከሆነ ድረስ ሒሳቡ ይገባል። የኬላው ጠባቂ ግን «ጨውህን ለማን ልትሸጥ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ለወንድሙ ሱቅ ከሆነ በነጻ ቢያሳልፍ፣ ለሌላ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ «እስከ ማታ ጠብቅ» ቢል ምን ይባላል? ገበያው ላይ ያሸነፈው ጥሩ ጨው ያለው አይሆንም፤ ከኬላ ጠባቂው ጋር የተዛመደው ነው።

የዲጂታሉ ኬላ ስም «ጥልቅ የፓኬት ፍተሻ» ነው። የፓኬቷን አድራሻ ብቻ ሳይሆን ሆዷንም ከፍቶ የሚያይ መሣሪያ ነው። «ዛሬ ሁሉም ነገር የተመሰጠረ አይደል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ይዘቱ አዎ፣ አብዛኛው ተመስጥሯል። ነገር ግን ስልካችሁ ከአንድ ድረ-ገጽ ጋር መነጋገር ሲጀምር የድረ-ገጹን ስም ብዙውን ጊዜ በግልጽ ነው የሚጠራው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የፓኬቶቹ መጠንና አመጣጥ ራሱ ይናገራል፦ ቪዲዮ በትልልቅ ጎርፍ ይመጣል፣ የድምፅ ጥሪ በትንንሹ፣ በየ20 ሚሊሰከንዱ ገደማ፣ እንደ ልብ ትርታ። ጠባቂው ደብዳቤውን ማንበብ ባይችል እንኳ ለማን እንደተጻፈ ያውቃል።

«ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል አይጠፋምና የራሳችንን የሕግ መደርደሪያ እንክፈት። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅ ወይም የፋክስ ግንኙነት ማድረግንም አገልግሎቱን መስጠትንም ከልክሎ ነበር። ልብ በሉ፣ የተከለከለው ኢንተርኔት አይደለም። የተከለከለችው ኢንተርኔት ላይ ከሚሄዱት ፓኬቶች መካከል ድምፅ የያዘችው ናት። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት፣ አገልግሎቱን ያገኘ ሰው ደግሞ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። መንግሥት በጊዜው ዒላማው የውጭ ጥሪ በስውር የሚቸረችሩ ቤቶች እንጂ ዘመዱን በስካይፕ የሚያናግር ሰው አይደለም ብሎ ነበር። ይሁን። የሕጉ ቃል ግን ያንን ልዩነት በደንብ አያስቀምጥም፤ ሕግ ደግሞ የሚነበበው በቃሉ ነው።

ለምን ድምፅ ላይ ብቻ ተነጣጠረ? ሒሳቡን ሥሩት። በዛሬው የድምፅ መጭመቂያ የአንድ ደቂቃ ንግግር በሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ ከግማሽ ሜጋባይት ብዙም አይርቅም። ያው ደቂቃ በመደበኛው የውጭ ስልክ ሲሆን በደቂቃ ተቆጥሮ በብር ይከፈልበታል። አንዷ ፓኬት የቆየ ገቢን ስለነካች ነው ወንጀለኛ የተባለችው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም እንደ ቫይበር ባሉ መተግበሪያዎች የሚደረግ ጥሪ ላይ የተለየ ክፍያ ለመጣል ማሰቡ በዜና ተዘግቦ ነበር። ዳታውን አንዴ ከፍላችሁበታል፤ አሁን ደግሞ ዳታው ምን እንደሚሠራ ተጠይቃችሁ እንደገና ልትከፍሉ ማለት ነው።

ወደ ማዶ ሻገር ብለን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና አንድ አነስተኛ የስልክ ኩባንያ ቮኔጅ የተባለውን የኢንተርኔት ጥሪ አገልግሎት ዘጋ። ምክንያቱ ያው የኛው ነው፣ የጥሪ ገቢ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጉዳዩን አይቶ ኩባንያው 15,000 ዶላር እንዲከፍልና መዝጋቱን እንዲያቆም አደረገ። አንዱ አገር የተቀጣው ኬላ ጠባቂው ነው፣ ሌላው አገር መንገደኛው። ልዩነቱ የቴክኖሎጂ አይደለም፤ መሣሪያው አንድ ነው፣ ሕጉ ነው የተለያየው።

እዚህ ላይ የዚህን ጽሑፍ ዋና ነጥብ ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሲታለፍ አያለሁ። ስለ «ርካሽ የመተግበሪያ ፓኬጅ» ስናወራ አንድ ወገን ላይ እንቆማለን፣ ስለ እገዳ ስናወራ ሌላ ወገን ላይ። አንዱ የገበያ ጉዳይ፣ አንዱ የፖለቲካ ጉዳይ ይመስለናል። ከውስጥ ሲታዩ ግን ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ሥራ ነው። ኩባንያው ለአንድ መተግበሪያ ቅናሽ ለመስጠት ከስልካችሁ የሚወጣውን እያንዳንዱን ፍሰት «ይሄ የማን ነው?» ብሎ መለየት አለበት። አንዴ ከለየ በኋላ የሚቀረው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፦ «ይሄኛውን በርካሽ ቁጠር»፣ «ይሄኛውን አዘግይ»፣ «ይሄኛውን ጣል»። ቅናሹን የሚሠራው የመለያ ዘዴ እገዳውንም ይሠራል። ርካሽ ነገር በገዛን ቁጥር የኬላውን ግንብ አብረን እያሳደግን ነው።

ለዚህ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የኛው አገር ታሪክ ይበቃል። ግንቦት 2004 ላይ የቶር ፕሮጀክት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ጥልቅ የፓኬት ፍተሻ ሥራ ላይ መዋሉንና ቶር የሚባለው የግላዊነት መረብ በእሱ እየተለየ መዘጋቱን ጽፈው ነበር። በሐምሌ 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲሰጥ ፌስቡክንና ትዊተርን የመሳሰሉት ብቻ ተነጥለው ተዘጉ፤ ሌላው ይሠራ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የኔትወርክ መለኪያ የሚሠራው ኡኒ ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ባወጣው ዘገባ ዋትስአፕ መዘጋቱንና የፍተሻ መሣሪያው ምልክት መታየቱን በልኬት አሳየ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ራሱ ከ260 በላይ ድረ-ገጾችን ከፈትኩ ሲል አስታወቀ። ለመክፈት መጀመሪያ መዘጋት ያስፈልጋል፣ አይደል?

እገዳ ቢያንስ ይታያል። ገጹ አይከፈትም፣ ሰው ያወራል፣ ጋዜጣ ይጽፋል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ማንቀራፈፍ ነው፣ ምክንያቱም አይታይም። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ሒሳብ የማትወዱ ቁጥሮቹን ዝለሉና መጨረሻውን ያዙ።

በኢንተርኔት አብዛኛውን ዳታ የሚያጓጉዘው ቲ.ሲ.ፒ. የተባለው ሥርዓት ነው። ጠባዩ እንደ ጠንቃቃ ሾፌር ነው፦ መንገዱ ነጻ ሲሆን ይፈጥናል፣ አንድ ፓኬት ጠፍታ ካየ «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ያስባልና ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ጠባይ ላይ የተመሠረተ አንድ የታወቀ ግምት አለ፦ ፍጥነቱ የፓኬቷ መጠን ለደርሶ መልስ ጊዜው ተካፍሎ፣ እንደገና ለጠፉት ፓኬቶች ድርሻ ስኩዌር ሩት ሲካፈል፣ በ1.22 ሲባዛ ነው። ከመቀሌ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ድረስ ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ነው ብለን እንያዝ፤ ፓኬቷ ደግሞ 1460 ባይት ትሸከማለች። ከ10,000 ፓኬቶች አንዷ ብቻ ብትጠፋ ፍጥነታችሁ 9.5 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ይሆናል፣ ቪዲዮ በደንብ ያሳያል። ከ100 አንዷ ብትጠፋስ? ወደ 0.95 ሜጋቢት ይወርዳል። አሥር እጥፍ! ከመቶ አንዲት ፓኬት ብቻ መሬት ላይ የጣለ ሰው መንገዱን ከአሥር ዘጠኝ እጁን ዘጋው ማለት ነው። (ዛሬ ያሉት አዳዲሶቹ የቲ.ሲ.ፒ. ዓይነቶች ይህንን ትንሽ ይቋቋማሉ፤ መርሁ ግን አልጠፋም።) ተጠቃሚው ምን ይላል? «ይሄ መተግበሪያ ቀርፋፋ ነው» ይልና ወደ ሌላው ይሄዳል። አምራቹም ራሱን ይጠራጠራል። ጣት የሚቀሰርበት ሰው የለም።

ይህ የላቦራቶሪ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮምካስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቢት ቶረንት የሚጠቀሙ ደንበኞቹን ግንኙነት «በቃ፣ እዚህ ጋ እንዝጋው» የሚል የሐሰት መልእክት በሁለቱም ወገን ስም እየላከ ሲያቋርጥ ተደርሶበታል። እናንተ ስልክ እያወራችሁ ሦስተኛ ሰው የጓደኛችሁን ድምፅ አስመስሎ «ቻው» ቢላችሁ ማለት ነው። የተያዘው ሕግ ስላገኘው ሳይሆን አንድ ነገሩ ያልገባው ደንበኛና ጋዜጠኞች ፓኬቶቹን ቁጭ ብለው ስለቆጠሩ ነው።

መቀሌ ሆነው ይህንን የሚያነቡ ሰዎች ሊሉኝ የሚችሉትን አውቃለሁ። «እኛ ጭራሽ ኔትወርክ ያልነበረን ሰዎች ነን፣ አንተ ስለ ፓኬት እኩልነት ታወራለህ?» ጥቅምት 25፣ 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። መሃል ላይ መቀሌ ስልክ ለወራት ብልጭ ብሎ እንደገና ጠፋ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23፣ 2015 ተፈርሞ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ሆነ። ከዚህ ጋር ሲተያይ የመተግበሪያ ፓኬጅ ነገር የጠገበ ሰው ጨዋታ ይመስላል።

እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው። ትዝ ይላችኋል፣ መስመሩ ገና እየተመለሰ ሳለ፣ በየካቲት 2015 መጀመሪያ ላይ በመላ አገሪቱ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተነጥለው ተዘጉ። እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ቆየ። ኢንተርኔት አለ፣ ግን ተማሪው ሃንድአውት የሚለዋወጥበት ቴሌግራም የለም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ያመለጠውን የሚከታተልበት ዩቲዩብ የለም። «ኔትወርክ ተመልሷል» የሚለው ዜና እውነት ነበር፣ ግማሽ እውነት። ከጠቅላላ መዘጋት ቀጥሎ የሚመጣው ይሄ ነው፦ በሩ ክፍት ነው ይባላል፣ ማን እንደሚገባ ግን ሌላ ሰው ይመርጣል። የመጀመሪያው የቀመሰ ሰው ሁለተኛውን ለመለየት ከማንም በላይ ዓይን ሊኖረው ይገባል።

በነዚያ ወራት ሰዉ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን ፓኬታችሁን በሌላ ፖስታ ውስጥ ከቶ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር ይልካል፤ ኬላው የሚያየው የውጭውን ፖስታ ብቻ ነው። ይሠራል፣ ግን ዋጋ አለው። መንገዱ ይረዝማል፣ ስለዚህ ከላይ ባየነው ሒሳብ ፍጥነቱ ይወርዳል። ዳታም በትንሹ ይጨምራል። የነጻ ቪፒኤን ባለቤት ማን እንደሆነና ውስጡን ማን እንደሚያይም አይታወቅም። ደግሞ የማኅበራዊ ሚዲያ ፓኬጅ የገዛ ሰው ቪፒኤን ሲያበራ ቅናሹ በአብዛኛው ይቀርበታል፤ ኬላው መተግበሪያውን መለየት ስላልቻለ። ቅናሹና እገዳው በአንድ ዓይን እንደሚያዩ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ላመጣላችሁ አልችልም።

አሁን ወደ ጠንካራው መከራከሪያ እንምጣ፣ እንዳላየ ማለፍ ስለማይገባኝ። «ደሃ ተማሪ በጥቂት ብር ቢያንስ ፌስቡክና ቴሌግራም ካገኘ ምን ችግር አለው?» ይባላል። ይህንን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እኔም የወር መጨረሻ ላይ ዳታ አልቆባቸው እንዲህ ያለውን ፓኬጅ የሚገዙ ተማሪዎችን አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። ግን ጥያቄውን ገልብጡት። ኩባንያው በዚያ ዋጋ 500 ሜጋባይት ለፌስቡክ መስጠት ከቻለ፣ ያንኑ 500 ሜጋባይት ለፈለጋችሁት መስጠት የማይችልበት የምህንድስና ምክንያት ምንድን ነው? የለም። ያለው የንግድ ምክንያት ነው። ደሃው የሚያገኘው ርካሽ ኢንተርኔት ሳይሆን ርካሽ የአንድ ኩባንያ አዳራሽ ነው፤ ሀብታሙ ደግሞ ሙሉውን ከተማ ያገኛል።

ሕንድ ይህንን በአደባባይ ተከራክራበታለች። ፌስቡክ «ፍሪ ቤዚክስ» በሚል ስም የተመረጡ ጥቂት አገልግሎቶችን በነጻ ሊሰጥ ሲነሳ ወጣቶች ተቃወሙ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢሜይል ለቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጎረፈ። እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 2016 ተቆጣጣሪው በይዘት ላይ የተመሠረተ የዋጋ ልዩነትን ከለከለ። «ደሃው ከኢንተርኔት ውጭ ይቀራል» ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ጂዮ የተባለ አዲስ ተወዳዳሪ ገበያ ገብቶ የዳታን ዋጋ አወረደው። ክልከላው ዋጋ አወረደ እያልኩ አይደለም፣ ያወረደው ውድድር ነው። የምለው፣ ዋጋ ለማውረድ መድሎ አስፈላጊ አልነበረም ነው።

የኛ ገበያም ተወዳዳሪ አግኝቷል። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ በሩን ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ሥራ ጀመረ። ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ውድድር ብቻውን ግን ይህንን ችግር አይፈታውም። ለምን? ሁለቱም ኩባንያዎች መንገድ ብቻ አይደሉም፣ መንገዱ ዳር ሱቅ አላቸው። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብርን ጀመረ፣ ሳፋሪኮም በ2015 ክረምት ላይ ኤምፔሳን አመጣ። የባንኮች መተግበሪያዎችና የወጣቶች ትንንሽ የክፍያ ድርጅቶች የሚሄዱት በነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው። አንዱ ኩባንያ የተወዳዳሪውን መተግበሪያ አንቀርፍፏል አላልኩም። የምለው፣ ነገ ቢያንቀረፍፍ በምን እናውቃለን፣ ብናውቅስ የትኛውን አንቀጽ ጠቅሰን እንከሳለን? ሁለት ኬላ ጠባቂዎች መኖራቸው ሁለቱም ወንድም እንዳላቸው አይለውጠውም።

የከተማችን ሁለት ተማሪዎች የትግርኛ ንባብ የሚያስተምር መተግበሪያ ቢሠሩ ብላችሁ አስቡ። ቪዲዮ አለው፣ ድምፅ አለው፣ ጥሩ ነው። ወላጆች ግን መተግበሪያው በሙሉ ዋጋ ዳታ እንደሚበላ፣ ቲክቶክ ግን በቅናሽ እንደሚሄድ ያያሉ። ልጁ የቱን ይከፍታል? እነዚያ ሁለት ተማሪዎች ደግሞ «እኛንም በፓኬጁ አስገቡን» ብለው የሚደራደሩበት ቢሮም ጠበቃም የላቸውም።

እንግዲህ ከሕግ አውጪዎች የምጠይቀው ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ማንም ሰው መረጃ የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነት እንዳለው፣ መንገዱንም ራሱ እንደሚመርጥ ይላል። ያ መርህ ወደ ራውተሩ ድረስ መውረድ አለበት፣ በመመሪያ ሳይሆን በአዋጅ፣ በማያሻማ ቃል፦ አገልግሎት ሰጪ ሕጋዊ የሆነን ይዘት፣ መተግበሪያ ወይም መሣሪያ በማንነቱ ለይቶ አይዘጋም፣ አያንቀራፍፍም፣ በገንዘብ ቅድሚያ አይሸጥም፣ በዋጋም አያበላልጥም። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን መሰል ሕግ አውጥታለች፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ደንብ አወጣ፣ በ2021 ደግሞ ፍርድ ቤቱ አንድን መተግበሪያ ከዳታ ቆጠራ ውጭ ማድረግ ደንቡን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። አሜሪካ በ2015 ደንግጋ፣ በ2017 ሽራ፣ በ2024 መልሳ፣ ጥር 2025 ላይ በፍርድ ቤት እንደገና አጣችው። በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ብቻ የቆመ ነገር ወንበር በተቀያየረ ቁጥር ይወድቃል፤ ለዚህ ነው በአዋጅ ይሁን የምለው።

«አምቡላንስስ? ሐኪም በርቀት የሚያማክርበት መስመርስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ከባድ አይደለም። ድምፅ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከዘገየ ንግግር ይደናቀፋል፤ ፋይል ማውረድ ግን ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ስለዚህ መጨናነቅ ሲኖር ድምፅን ማስቀደም ምህንድስና ነው፣ የሁሉንም ድምፅ እስካስቀደመ ድረስ። የአይደር ሆስፒታል የቪዲዮ ምክክርም ሆነ የአንድ ትንሽ ክሊኒክ ምክክር እኩል ይቅደም። የአንዱን ኩባንያ ጥሪ አስቀድሞ የሌላውን ማዘግየት ግን ምህንድስና አይባልም። የአውሮፓው ደንብ ይህንን ልዩነት በቃል አስቀምጦታል፤ እኛም መቅዳት አያሳፍረንም።

ሌላው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር፣ ሕጉ ልኬትን ይጠብቅ። ኩባንያዎቹ ትራፊክ የሚቆጣጠሩበትን ደንብ ያሳትሙ፤ የመዝጊያ ትእዛዝ ከተሰጠ ማን፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ እንዳዘዘ በጽሑፍ ይውጣ፤ ኔትወርክ የሚለካ ተማሪ ወይም ተመራማሪ ደግሞ በመለካቱ ብቻ አይጠየቅ። የማይለካ መብት ወረቀት ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር አለ። በ2013ቱ ምርጫ ትግራይ ውስጥ ድምፅ ስላልተሰጠ፣ በዚያ ምርጫ በተቋቋመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ከዚህ ተመርጦ የገባ ሰው የለም። «ወኪልህን ጠይቅ» የሚለው ምክር መቀሌ ላይ አድራሻ ያጣል። ስለዚህ የምጽፈው ለሁሉም ነው፦ ለባሕር ዳሩ፣ ለጅማው፣ ለአዲስ አበባው ተወካይ። በ2015 የተዘጋው ቴሌግራም የነሱም መራጮች ቴሌግራም ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ባለሥልጣኑ መመሪያ ሲያዘጋጅ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ሲያወጣ ደግሞ ገብቶ መጻፍ ለማንም ክፍት ነው፤ ለዚያ ተወካይ አያስፈልግም፣ አንድ ገጽ ጥሩ አማርኛና ቁጥር ይበቃል።

ቁጥሩን ከየት እናምጣ? ዊሂ የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ፣ በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት፤ የፈረንሳይ የቴሌኮም ተቆጣጣሪም ለሕዝቡ አቅርቦታል። ዘዴው ያምራል። የአንድን የታወቀ መተግበሪያ ትራፊክ ልክ እንደነበረ መልሶ ያጫውታል። ከዚያ ያንኑ ትራፊክ፣ በዚያው መጠንና በዚያው ጊዜ፣ ግን ውስጡ ተገለባብጦ ማንነቱ እንዳይታወቅ አድርጎ ይደግመዋል። መንገዱ ቂል ከሆነ ሁለቱም እኩል ይፈጥናሉ። የታወቀው ዘግይቶ ያልታወቀው ከፈጠነ፣ መሃል ላይ ያለ ሰው ማንነቱን ጠይቆታል ማለት ነው። አንዴ ለክቶ «አገኘሁ!» ማለት ግን አይበቃም፤ የመንገዱ መጨናነቅ በየደቂቃው ይለዋወጣልና። ሮማናት አደባባይ ላይ ከሰዓት በኋላ፣ እንዳየሱስ ግቢ ውስጥ ሌሊት፣ በሁለቱም ኩባንያ ሲም፣ በተለያየ ቀን ለኩ። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሲሙን ዓይነትና ቪፒኤን መጥፋቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ቢያንስ ሠላሳ ልኬት ሳይሞላ ለማንም ምንም አትበሉ። አንዱ ሙከራ በርከት ያለ ሜጋባይት ስለሚበላ የሌሊት ፓኬጅ ግዙ።